ዋልያን ፍለጋ ከአራት ኪሎ እስከ ጨነቅ

ጥቅምት 2005 ዓ.ም. ከወንድሜ ጋር አዲስ አበባ ስታዲየም ነበርኩ። ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፍንበት ቀን ነው። «ዋልያ! ዋልያ!» ስንል ድምፃችን ተዘጋ። መንገዱ ሁሉ ጭፈራ ስለነበር ታክሲ የሚታሰብ አልነበረም። ከስታዲየም እስከ አራት ኪሎ በእግራችን ገባን።

እራት ላይ እናቴ «ለመሆኑ ይሄን ዋልያ የምትሉትን አይታችሁት ታውቃላችሁ?» አለችን። ዝም አልን። እኔ የማውቀው ትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ ያለውን ሥዕል ነው። ዋልያ ደግሞ በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች በቀር የትም የለም። እዚሁ ሀገሬ ውስጥ ነው ያለው፤ እኔም እዚሁ ነኝ።

ጥያቄው ከውስጤ አልወጣም፤ ለመሄድ ግን ሰባት ዓመት ፈጀብኝ። ሥራው፣ ገንዘቡ፣ «ከማን ጋር ልትሄጂ?» የሚለው ሁሉ አለ። ከሁሉም በላይ ግን ቦርሳ አዝሎ፣ ድንኳን ተክሎ ተራራ መውጣት የቱሪስት ነገር ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያ ሙከራዬ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። እሁድ እሁድ ከመስቀል አደባባይ በአውቶቡስ እየተነሱ ተራራ የሚወጡ ቡድኖች አሉ። የሥራ ባልደረባዬ ወደ አንዱ ይዛኝ ሄደች። መድረሻችን መናገሻ ሱባ ነበር፤ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ያለው ጥንታዊ ደን። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ቀና ብዬ የጥዶቹን ጫፍ ስፈልግ አንገቴን አመመኝ። ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን አንዠርግገው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ከከተማዬ አፍንጫ ሥር እንዲህ ያለ ቦታ መኖሩን ሳላውቅ መኖሬ ቆጨኝ።

ደስታው እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ቆየ። አዘጋጆቹ «ቀላል ነው፣ ቢበዛ ሦስት ሰዓት» ብለውን ነበር። ስድስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። የያዝኩት ግማሽ ሊትር ውሃ ብቻ ነው። ጂንስ ለብሻለሁ፤ ዝናብ መታኝና ጭኔ ላይ ተጣብቆ ከበደኝ። ቁልቁለቱ ላይ ሁለቴ ወደቅኩ። መሪያችን ከፊት ከፈጣኖቹ ጋር ሄዷል። ኋላ የቀረነውን አምስት ሴቶች መንገዱን ያሳየን አንድ ከብት ጠባቂ ልጅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከማንም ቡድን ጋር ከመውጣቴ በፊት የምጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉኝ። ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ከዚያ ውስጥ ስንት ሜትር ሽቅብ ነው? ከኋላ ሆኖ የሚጠብቀን ማን ነው? ስንት ሰዓት ድረስ ካልደረስን እንመለሳለን? ሁለተኛውን ጥያቄ ሰው ሁሉ ይረሳዋል። አምስት ኪሎ ሜትር ሜዳ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ አምስት ኪሎ ሜትር ዳገት ግን ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል። አጥርቶ የማይመልስልኝ ቡድን ጋር አልሄድም።

ቀጥሎ እንጦጦን ያዝኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከአራት ኪሎ እነሳለሁ። ስድስት ኪሎ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ ዳገቱ። መሀል ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ አናቱ ወደ 3,200 ይጠጋል። በሰሜን ተራሮች የመጀመሪያው የድንኳን ሰፈር ሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ ነው። አስቡት፤ ከቤታችን ደጅ ተነስተን ቁርስ ሳይደርስ ያንን ከፍታ የሚያህል ቦታ እንወጣለን። ከባህር ጠረፍ ከተማ የሚመጣ ሰው ይህ ዕድል የለውም።

መጀመሪያ ሰሞን አወጣጤ ሌላ ነበር። ሃምሳ እርምጃ በጥድፊያ፣ ቆሞ ማለክለክ፣ እንደገና ሃምሳ እርምጃ። እንጦጦ ማርያም ስደርስ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል።

አንድ ቅዳሜ እንጨት ለመልቀም ከሚወጡ እናቶች ጋር መንገድ ገጠምን። ገመዳቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመዋል። አንዷ ከእናቴ ይበልጣሉ፤ የላስቲክ ጫማ ነው ያደረጉት። ቀደምኳቸው። ቆሜ ሳለከልክ አለፉኝ። ደግሜ ቀደምኳቸው፣ ደግመው አለፉኝ። በሦስተኛው ዘወር አሉና «የኔ ልጅ፣ ዳገት አይቸኮልበትም። ወሬ እያወራሽ መውጣት ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው» አሉኝ።

አብሬያቸው ወጣሁ። ዓይኔን ከእግራቸው አልነቀልኩም። እርምጃቸው የጫማቸውን ርዝመት ብትሆን ነው። የአንዱ እግራቸው ተረከዝ መሬቱን ሳይነካ ሌላው አይነሳም። በጣም ቀጥ ባለው ቦታ ፊት ለፊት አይወጡም፤ ወደ ግራ ሄድ፣ ወደ ቀኝ መለስ እያሉ ነው የሚያልፉት። አንዴም አልቆሙም። እኔም እሳቸውን ተከትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቆም አናቱ ላይ ደረስኩ።

ሲወርዱ ደግሞ ሸክሙ ጀርባቸው ላይ ነበር፤ ከእኔ ቁመት የሚረዝም የባህር ዛፍ ቅርንጫፍና ቅጠል። ጉልበታቸውን አይዘረጉትም፤ ሁልጊዜ ትንሽ ሸብረክ ብሎ ነው። ሰውነታቸውን ጋደም አድርገው በጎን ይረግጣሉ። እኔ ወደ ኋላ ተለጥጬ፣ በተረከዜ ፍሬን እየያዝኩ ነበር የምወርደው፤ መናገሻ ላይ የጣለኝም ይኸው ነው። እሳቸው ተራራ የሚወጡት ለእንጀራ ነው፣ እኔ ለፍላጎቴ። ያንን ልዩነት አልረሳውም። ግን መራመድ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

ስለ ጫማ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚበላሽበት እሱ ላይ ነውና። መርካቶ ሰልባጅ ተራ ደህና የቆዳ ቡትስ አገኘሁ። ሙሉ ነው፣ ሶሉ አልተበላም፣ በጠዋት ለካሁት፣ ልክክ አለ። ስህተቱ «ልክክ» ማለቱ ነው። ቀኑን ሙሉ የቆመ እግር ያብጣል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ እግር ወደፊት ይንሸራተትና ጣት ጫፉን ይመታል። ከሁለት ቅዳሜ በኋላ የሁለት አውራ ጣቶቼ ጥፍር ጠቆረ፣ ቆይቶም ወለቀ። አሁን ጫማ የምገዛው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ወፍራም ካልሲ ይዤ እሄዳለሁ። ማሰሪያውን ሳላስር እግሬን ወደፊት ገፋ አድርጌ፣ ከተረከዜ ጀርባ ሌባ ጣቴ ከገባ ልኬ ነው። ከጉዞ ሁለት ቀን በፊት ጥፍሬን እቆረጣለሁ። ተረከዜ ላይ መሞቅ የጀመረ ቦታ ከተሰማኝ እዚያው ቁጭ ብዬ ፕላስተር እለጥፋለሁ። «እዚያች ዛፍ ጋ ስንደርስ» ብዬ የተውኩት ቀን ሁሉ ውሃ ቋጥሯል።

ስንቅ ላይ ደግሞ እናቴ ረዳችኝ። እኔ ብስኩትና ቸኮሌት ልገዛ ስል «ዘመቻ የሄደው ሁሉ ምን በልቶ ይመስልሻል?» አለች። በሶ፣ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ አዘጋጀችልኝ። በሶ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፤ እሳት አይፈልግም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ 3,600 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ምስር ቶሎ አይበስልም። ጭኮ ቅቤ ስላለው ብርድ ላይ ሰውነት ይይዛል። የረቡዕና የዓርብ ጾም ላይ በሶና ቆሎዬ አላሳፈሩኝም።

ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ሄድን። እኔ፣ ያችው ባልደረባዬና ወንድሜ። ገና ሳይነጋ ከመስቀል አደባባይ በአውቶቡስ ተነስተን፣ አባይን ተሻግረን፣ ሲመሽ ጎንደር ገባን። በነጋታው ደባርቅ። ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ከፍለን አስጎብኚ፣ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ፣ በቅሎና ባለ በቅሎ ያዝን። ጠባቂውን እዚያ ስካውት ነው የሚሉት፤ ያለ እሱ መግባት አይቻልም። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር። አሁን ለመሄድ ያሰበ ሰው ከመነሳቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው በደንብ ያጣራ።

የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበር፤ ዋልያውና ቀይ ቀበሮው እየተመናመኑ፣ እርሻና ግጦሹ እየገፋ ስለመጣ። ይህን አንብቤ ነበር የሄድኩት። አንብቦ ማወቅና ቆሞ ማየት ግን ይለያያል።

በሁለተኛው ቀን ከሳንቃበር ግጭ ወደሚባለው ሰፈር ስንሄድ፣ ከጅንባር ፏፏቴ በኋላ ጓሳ ሣር የለበሰ ሰፊ ሜዳ ላይ ወጣን። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም ተክሎች እንደ ሰው ቆመዋል። ስካውታችን፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ በዱላቸው አንድ ድንጋይ ያለበት ቦታ አሳዩን። «ቤቴ እዚህ ጋ ነበር» አሉ። የግጭ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ እንደተዛወሩ አውቃለሁ። ሣሩ አገግሟል፣ አውሬው ተመልሷል። እሳቸውም በዚህ ደስ ይላቸዋል፤ «ሣሩን እዩት» እያሉ ያሳዩናል። ግን ድንጋዩ አጠገብ ትንሽ ቆሙ። ማናችንም አልተናገርንም። ስለ ፓርክ ጥበቃ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ድንጋይ ነው።

ሜዳው ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ነበሩ። ከመቶ ይበልጣሉ። ቁጭ ብለው፣ በሁለት እጃቸው ሣሩን እየነጩ ይበላሉ። ጣታቸው ጤፍ ከሚለቅም ሰው ይፈጥናል። አሥር እርምጃ ላይ ሆኜ ሣሩ ሲነጭ ድምፁን እሰማ ነበር። ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ፀሐይ ሲያርፍበት ያበራል። ሲመሽ ሁሉም ወደ ገደሉ ወረዱ፤ የሚያድሩት ገደሉ ላይ ነው።

ያን ሌሊት ራሴን አመመኝ። አቅለሸለሸኝ፤ በሶም አልወርድ አለኝ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ውሃዬ ላይ ስስ በረዶ ተጋግሯል። ጠዋት ማስታገሻ ውጬ ለመቀጠል ፈለግኩ። አስጎብኚው እምቢ አለ። «ክኒኑ ሕመሙን ይደብቀዋል እንጂ ከፍታውን አይቀንሰውም። ዛሬ እዚሁ እንውላለን፤ ካልተሻለሽ ደግሞ እንወርዳለን።» ስካውቱም «አይዞሽ ልጄ፣ ተራራው የትም አይሄድም» አሉኝ። ዋልን። ውሃ ጠጣሁ፣ በዝግታ ተንቀሳቀስኩ። በማግስቱ ነፃ ሆኜ ነቃሁ። ያ ቀን የቧሂትን አናት አስቀርቶብኛል፤ ራስ ደጀንንም ከሩቅ ነው ያየሁት። አልቆጨኝም። ለእንዲህ ያለ ጉዞ አንድ ትርፍ ቀን ሳልይዝ አሁን አልነሳም።

በእሜት ጎጎ ጫፍ በኩል አድርገን ጨነቅ የሚባለው ሰፈር ገባን። ወደ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ባልደረባዬ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ስካውቱ እጃቸውን አነሱ። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ነው፤ ጠጠር ገደሉ ላይ ሲንከባለል። ከዚያ አየሁት።

ወንድ ዋልያ ነው። ከእኛ ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ የእጄ ስፋት በምታህል ድንጋይ ላይ አራት እግሩን ሰብስቦ ቆሟል። ቀንዱ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ጀርባውን ሊነካ ደርሷል፤ ከፊት በኩል እንደ ደረጃ እብጥ እብጥ ያለ ነው። ጥቁር ጢሙን ነፋስ ያነሳዋል። እግሩ ላይ ነጭና ጥቁሩ ተለይቶ ይታያል። እሱም አየን፤ ማመንዠኩን ግን አላቆመም። ወንድሜ ትከሻዬን ያዘኝ። ስታዲየም ውስጥ ያን ያህል የጮኸ ሰው ትንፍሽ አላለም።

ቆይቶ ሁለት እርምጃ ተራመደ። እርምጃው አጭር ነው፤ ሰኮናው ሙሉ በሙሉ ሳያርፍ ሌላውን አላነሳም። ከዚያ ቁልቁል፣ እኔ መንገድ የማይታየኝ ቦታ ገባና ተሰወረ። ጉሙ ከሥር እየወጣ ነበር።

ኔትወርክ ያገኘሁት በማግስቱ ደባርቅ ስንመለስ ነው። እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ አየሁት» አልኳት።

ምኑን ብላ አልጠየቀችኝም። «ቀንዱስ እንዴት ነው?» አለች።