12 ደቂቃ ተኩል

የምሠራው ለአንድ ፕላኔታሪየም፣ ማለትም ሰማዩን በጉልላት ጣሪያ ላይ ለሚያሳይ አዳራሽ ነው፤ ጉልላቱ ላይ የሚታዩትን አኒሜሽኖች አዘጋጃለሁ። አንድ ቀን ሁለት ፕላኔቶች ሲጋጩ የሚያሳይ ትዕይንት እንድሠራ ታዘዝኩ። ደስ ብሎኝ ሁለት ሌሊት አመሸሁበት። አንዷ መሬትን ታክላለች፣ ሌላዋ ማርስን። ተምዘግዝገው መጡና ተላተሙ። ትንሿ እንደ ብርጭቆ ተሰባብራ በየአቅጣጫው ተበተነች። ሁሉም ነገር በሦስት ሰከንድ አለቀ።

የሥራችንን ሳይንሳዊ ይዘት የሚያርሙልን ዶክተር ሁለት ጊዜ ደጋግመው አዩት።

«ትንሿ በምን ያህል ፍጥነት ነው የመጣችው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዓይኔ የወደደውን ፍጥነት ነበር የሰጠኋት።

ወረቀት ሳቡ። የማርስ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 6,779 ኪሎ ሜትር ነው። እንዲህ ያሉ ዓለማት ከሩቅ ቀስ ብለው ቢመጡ እንኳ ስበታቸው እየጎተተ ያፈጥናቸዋል። ሲነካኩ ፍጥነታቸው በሰከንድ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ካልኩሌተሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«በል አካፍለው።»

753 መጣ። 753 ሰከንድ፣ 12 ደቂቃ ተኩል ማለት ነው። ትንሿ ፕላኔት ምንም ፍጥነት ሳትቀንስ እንኳ ጠቅላላ ገላዋ ለመግባት ይህን ያህል ይፈጅባታል። ከጥይት ብዙ እጥፍ የሚፈጥን ነገር፣ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ግን የሚንፏቀቅ ይመስላል። ቁጥሩን አየሁ፣ የኔን ሦስት ሰከንድ አየሁ። ያን ጊዜ የተሰማኝ ድንጋጤ እስከ ዛሬ አለ። የግዝፈቱ ነገር የገባኝ በዚያች ማካፈል ነው።

ስብርባሪውም ልክ አልነበረም። «ይህን የሚያክል ነገር አንድ ላይ የሚይዘው የድንጋዩ ጥንካሬ አይደለም፣ ስበቱ ነው» አሉኝ። ስለዚህ እንደ ሳህን አይነቃም። እንደ ፈሳሽ ይለጠጣል፣ ይፈናጠራል። አለቱ ይቀልጣል፣ ከፊሉም ይተናል። ሰማዩን የሚሞላው የአለት እንፋሎት ነው፤ ሲቀዘቅዝ የሚዘንበውም ቅልጥ አለት ነው። የተፈናጠረው አብዛኛው ተመልሶ ይወድቃል።

ይህ ደግሞ ባዶ ምናብ አይደለም። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚያምኑት ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቲያ የተባለች ማርስን የምታክል ፕላኔት ከመሬት ጋር ተጋጭታለች፤ ጨረቃም የተገኘችው ከዚያ ፍንጣሪ ነው። የአፖሎ ተጓዦች ያመጡት 382 ኪሎ ግራም የጨረቃ ድንጋይና አፈር ሲመረመር ኦክስጅኑ ከመሬት ኦክስጅን ጋር እጅግ የሚመሳሰል ሆኖ ተገኝቷል። የጨረቃ የብረት እምብርትም ትንሽ ነው፤ የቲያ ብረት ሰምጦ እዚሁ መሬት ውስጥ ቀርቷል ተብሎ ይታሰባል።

ትዕይንቱን ከዜሮ ጀመርኩ። ድምፁን አወጣሁት፤ ጠፈር ላይ ድምፅ የለም። ጥግ ላይ እውነተኛውን ደቂቃ የሚቆጥር ሰዓት አስቀመጥኩ።

በመጀመሪያው ማሳያ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ከጀርባ በኩል ያለ ሰው መቼ ያውቃል?»

ዶክተሯ ፈገግ አሉ። የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ መሬትን ሰንጥቆ ወዲያ ማዶ ለመድረስ 20 ደቂቃ ገደማ እንደሚፈጅበት፣ የግጭቱም ምት ማዶ እስኪደርስ ደቂቃዎች እንደሚያልፉ ነገሯት። ልጅቷ ጸጥ ብላ ሰዓቱን አየች። እኔ ጥያቄዋን ወደድኩት፤ በጣም ወደድኩት።

በማግስቱ ያን ማዶ ልሠራ ተቀመጥኩ። ጨለማ፣ ባሕር፣ ምንም ያልሰማ ዓለም። ባሕሩን እንደ መስታወት ጸጥ አድርጌ ጀመርኩት፤ እውነትም ያምራል። ከዚያ እጄ ቆመ። ጨረቃ እንኳ ከ384,400 ኪሎ ሜትር ርቀት በሁለቱም የመሬት ጎኖች ባሕሩን ታነሳዋለች። ይህቺ ደግሞ በክብደት ከጨረቃ ወደ ዘጠኝ እጥፍ ነች፣ ያውም መሬትን ልትነካ ደርሳለች።

ኮምፒውተሩን ትቼ ወረቀት ሳብኩ።