በስፌት መኪና የተጠመጠመ ሀምበከር

መጀመሪያ የሠራሁት ሀምበከር፣ ማለትም ጉርምርምታን እንዲያጠፋ የታሰበ ባለ ሁለት ጥቅል የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ መቀበያ፣ ሥራውን ገልብጦ ያዘው። ማጥፋት የነበረበትን ጉርምርምታ አጎላ፤ ማጉላት የነበረበትን የክር ድምፅ አጠፋ። የጅማ ክረምት ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ አምፕሊፋየሩን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ጊታሩን ብመታው የሰማሁት የትንኝ ድምፅ የመሰለ ነገርና ከኋላው የማያቋርጥ እምምምታ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ሆቴል ውስጥ የሚጫወት ወዳጄ ፒክአፑ በሞተበት ጊዜ ነው። ጅማ ውስጥ ፒክአፕ ተበላሸ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ቡና የሚጭነውን መኪና ነው፤ እኔ የምለው ግን ከጊታሩ ክሮች ሥር ተቀምጦ ንዝረታቸውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ነው፤ ሀምበከርም አንዱ ዓይነቱ ነው። ፈትቼ ሳየው ማግኔቱ፣ ብሎኖቹና ሽቦ የሚጠመጠምባቸው ሁለቱ የፕላስቲክ ማጠንጠኛዎች ደኅና ነበሩ። የተበጠሰው ሽቦው ብቻ ነው። «ስጠኝ፣ እኔ እጠመጥመዋለሁ» አልኩት፤ ምን እንደምል ሳላውቅ።

ሽቦው ውፍረቱ 0.063 ሚሊሜትር ነው፤ ከብዙ ሰው ፀጉር ይቀጥናል። ለእያንዳንዱ ማጠንጠኛ 5,000 ዙር ያህል ሲሰላ ለአንድ ሀምበከር 1.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈጃል፤ ክብደቱ ግን ከ40 ግራም ብዙም አይበልጥም። የተቃጠለ ሞተር የሚጠመጥሙ ባለሙያዎች ዘንድ ሄጄ ያሳዩኝ ቀጭን ሽቦ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ገመድ ነው። በመጨረሻ ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣው አንድ ጥቅል አመጣልኝ።

መጠምጠሚያ ማሽን የሆነኝ የጎረቤታችን ልብስ ሰፊ የእግር መኪና ነው። መብራት ቢጠፋም ይሠራል፤ ፍጥነቱንም እግር ያዝዘዋል። መዘውሩ ላይ ክብ ጣውላ አጣብቄ ማጠንጠኛውን መሐል ለመሐል አሰርኩበት። እሳቸው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ሽቦውን ለማየት ቢሞክሩ አልታይ አላቸው።

«አንተ ልጅ፣ ባዶ እጅህን ነው እንዴ የምትጠመጥመው?»

«አለ ጋሼ፣ ብርሃኑ ላይ ያዙት።»

«ይህንስ ሸረሪት ይሥራው» ብለው ወደ ሱሪያቸው ተመለሱ።

ሽቦው በግራ እጄ ሁለት ጣቶች መካከል፣ በትንሽ የሱፍ ጨርቅ ላይ ያልፋል። ጠበቅ ካደረጉት ይበጠሳል፤ ላላ ካለ ጥቅሉ ይዝረከረካል። በሦስተኛው ሺህ ላይ ሁለት ጊዜ ተበጠሰብኝ። ዙሩን የቆጠርኩት በካልኩሌተር ነው። የበር ማንቂያ ውስጥ ያለችውን፣ ማግኔት ሲቀርባት የምትዘጋ የመስታወት ማብሪያ ከእኩል ይሆናል ምልክቱ ቁልፍ ጋር በየድኳትና መዘውሩ ላይ ትንሽ ማግኔት ለጠፍኩ። አንድ ሲደመር አንድ ብሎ ለጀመረ ካልኩሌተር እያንዳንዱ ዙር አንድ ይጨምርለታል። እጅግ ተመጻደቅሁበት።

ወደዚያ የተገለበጠ ድምፅ ልመለስ። ሀምበከርን የጊታር አምራቹ የጊብሰን ባልደረባ ሴዝ ላቨር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1955 የፈጠራ መብት ሲያመለክትበት ሐሳቡ ይህ ነበር፦ ሁለት ጥቅሎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንዱ የማግኔቱን ሰሜን፣ ሌላው ደቡቡን ወደ ክሩ ያዞራሉ፤ የሽቦ አቅጣጫቸውም ተቃራኒ ይሆናል። የክሩ ድምፅ በማግኔቱም በሽቦውም፣ ሁለት ጊዜ ስለሚገለበጥ ይደመራል። ከመብራት መሥመር የሚመጣው 50 ኸርዝ ጉርምርምታ ግን ማግኔቱ አይመለከተውም፤ በሽቦው አንድ ጊዜ ብቻ ተገልብጦ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። እኔ ሁለቱንም ጥቅሎች በአንድ አቅጣጫ ጠምጥሜ የአንዱን መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር በየድኩ። መገናኘት የነበረባቸው ሁለቱ መጀመሪያዎች ናቸው። ሁለት ጫፎች ቀያየርኩ፤ አለቀ። ለዚህ አራት ቀን ታምሜያለሁ።

ጉርምርምታው ጠፋ። ድምፁ ግን ጋቢ የተከናነበ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር፤ ጉልበቱ ብዙ፣ ጥራቱ የለም። ወዳጄ አንቺ ሆዬን ጀመረና አቆመ። በዚያ ቅኝት ተጠጋግተው የሚቀመጡት ድምፆች እርስ በርስ ተለወሱበት። ሽቦ በረዘመ ቁጥር የሚጨምረውን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ በቴስተር ስለካው አንዱ ጥቅል 5.1፣ ሌላው 5.3 ኪሎ ኦም። አምስት ሺህ ዙር ወደ 4 ገደማ መስጠት ነበረበት። ጥፋተኛው የተመጻደቅሁበት ካልኩሌተር ነው፦ በፍጥነት ስረግጥ ቁልፉን ማንበብ አቅቶት ዙር ይዘላል። እሱ 5,000 ሲል እኔ ከ6,000 አልፌ ነበር። ዙር ሲበዛ ድምፁ ይጎላል፤ ግን ቀጫጭኑ ድምፅ ይታፈናል። ከዚያ ወዲህ ቀስ ብዬ እረግጣለሁ፤ የማምነውም ቴስተሩን ነው፤ እሱንም ጥቅሉ ከእጄ ሙቀት ከቀዘቀዘ በኋላ፣ መዳብ ሲሞቅ ንባቡ ከፍ ስለሚል።

በሁለተኛው ሙከራ አንዱን 4.0፣ ሌላውን 3.8 ላይ አቆምኩ። ልዩነቱ ሆን ተብሎ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1957 ጀምሮ የወጡት የመጀመሪያዎቹ የጊብሰን ሀምበከሮች ዛሬ እንደ ዕንቁ የሚፈለጉት ዙራቸው በትክክል ሳይቆጠር፣ ሁለቱ ጥቅሎች እየተበላለጡ ስለተሠሩም ጭምር ነው። ጥቂት ጉርምርምታ ይመለሳል፤ በምትኩ ድምፁ ይከፈታል። ለእኔ ልውውጡ አያከራክርም።

የቀረው ሰም ነው። ሰም ያልጠጣ ጥቅል አምፕሊፋየሩ ሲጎላ ራሱ ይርገበገብና ይጮኻል። አራት እጅ የሻማ፣ አንድ እጅ የንብ ሰም ያስፈልጋል፤ ጅማ ውስጥ ማር ባለበት ሁሉ ሰም ስላለ በዚህ አልተቸገርኩም። የተቸገርኩት በችኮላዬ ነው። ድስቱን በቀጥታ ከሰል ላይ ጣድኩትና አንዱ ማጠንጠኛ እንደ እንጀራ ጠርዝ ተቆለመመ። አራት ሺህ ኦም ሄደ! አሁን የሰሙን ጣሳ ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጬ፣ ቴርሞሜትሩ 65 ዲግሪ ሳያልፍ፣ አረፋው እስኪያቆም ሃያ ደቂቃ ያህል እጠብቃለሁ። የተቆለመመውን ከሌላ የሞተ ፒክአፕ በተፈታ ተካሁት።

ወዳጄ ጊታሩን ይዞ ከፍሎረሰንት መብራቱ ሥር ሆን ብሎ ቆመ፤ ዱሮ እዚያ ሲቆም ጊታሩ ያገሣ ነበር። ትዝታን በቀስታ ጀመረ። ክሩን ሲነካ የጣቱ ጥፍር ይሰማል፤ ድምፁ ሲረግብም እስከ መጨረሻው ቀጭን ሆኖ ይሄዳል። ጠንከር አድርጎ ሲመታው ትንሽ ይሻክራል። አንቺ ሆዬን ሳልጠይቀው ደገመው፤ በዚህ ጊዜ አላቆመም።

አሁን በጊታሩ አንገት በኩል ያለውንም ፒክአፕ ሥራልኝ ይለኛል። ሽቦው ይበቃል። ጋሼ ግን የበዓል ልብስ ተደራርቦባቸዋል፤ መኪናቸውን እስከ መስቀል እንዳልነካባቸው አስጠንቅቀውኛል።