የቮልሷ የወንበር ማሞቂያ

ከሙኒክ እስከ ሚላኖ ለአክስቴ ልጅ ክርስትና በቮልስ እንሂድ ያልኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ለሆነው ሁሉ ተጠያቂው እኔው ነኝ። መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራች፣ 1300 ሲሲ ሞተርና 40 የፈረስ ጉልበት ያላት፣ ጀርመኖች 30 ዓመት ለሞላቸው መኪኖች የሚሰጡት የ«ኤች» ፊደል ሰሌዳዋ ላይ ያረፈባት ናት። ተጓዦቹ እኔ፣ ባለቤቴና ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡት አጎቴ ነበርን። አጎቴ በወጣትነታቸው ቮልስ ስለነዱ በዚህ ጉዳይ ምክር አይቀበሉም፤ ክብደታቸውም ከ100 ኪሎ ስለሚያልፍ ሠላሳ እንጀራ ታቅፈው የኋላውን ወንበር በቀኝ በኩል ሞልተውታል።

ሊንዳውን አልፈን ኦስትሪያ ስንገባ ያስቆመን አልነበረም። ብሬገንዝ ላይ አጎቴ በአድናቆት «አይ ጀርመን! በዚያ ዘመን ወንበር የሚያሞቅ መኪና ሠርቷል!» አሉ። የቮልስ ማሞቂያ ከሞተሩ የሞቀ አየር ያስገባል እንጂ ወንበር እንደማያሞቅ ላስረዳ ብሞክር፣ «ቮልስን ለእኔ ልታስተምር ነው?» ብለው ዝም አሰኙኝ። ፌልድኪርሽ ስንደርስ «አሁንስ በዛ፣ ቀንስልኝ» አሉኝ። የሚቀነስ ነገር ስለሌለና የኋላው መስኮት ስለማይከፈት የፊቱን ከፈትኩላቸው። ያረረ ነገር ሲሸተን ባለቤቴ ፍሬን ነው አለች፤ እኔ ደግሞ ገበሬ ገለባ እያቃጠለ ይሆናል አልኩ።

ሊክተንስታይን እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ ከስዊዘርላንድ ጋር አንድ የጉምሩክ ክልል ስለሆነች፣ ሻንቫልድ ኬላ ላይ የሚጠብቁት የስዊስ ጉምሩክ ሠራተኞች ናቸው። አንዱ ወጣት ጎንበስ ብሎ ሥጋና ቅቤ ይዘን እንደሆነ ጠየቀ። ያለ ቀረጥ የሚያልፈው ለአንድ ሰው አንድ ኪሎ ስለሆነ በልኩ ነበር የያዝነው፤ የልጁ ዓይን ግን አጎቴ ላይ ተተክሎ ቀረ። ላባቸው ኮለል እያለ ይወርዳል፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ጎናቸው ይደገፋሉ፤ ለሚያያቸው ከሥራቸው ሙሉ በሬ የደበቁ ይመስሉ ነበር። ውረዱ ተባሉ። ባለ ሁለት በር መኪና ናትና መጀመሪያ ባለቤቴ ወረደች፣ ወንበሯ ታጠፈ፣ እንጀራው በክብር ወጣ፤ በመጨረሻ አጎቴ እየተንፏቀቁ ሲወጡ ጭሱ ተከትሏቸው ወጣ።

የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላው ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ ወርዶ ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን እንዳያገናኝ ባትሪው ክዳን ይደረግለታል፤ ያንን ክዳን ደግሞ ባለፈው ክረምት መኪናዋን ሳጸዳ «ይሄ ምን ይሠራል?» ብዬ የጣልኩት እኔ ነኝ። ልጁ የእሳት ማጥፊያ ይዞ እየሮጠ መጣ። ወንበሩ ሲነሳ የመዳፍ ስፋት ያለው ቀዳዳ ተገኘ፤ ልክ የእሱን የሚያክል ሌላ ቀዳዳ አጎቴ ሱሪ ላይ ነበር።

የአጎቴን የላስቲክ ነጠላ ጫማ በባትሪው ላይ አስረን፣ ቀላሏን ባለቤቴን ወደ ኋላ አዛውረን፣ ለአንድ ቀን መንገድ የዓመቱን የአውራ ጎዳና ክፍያ 40 ፍራንክ ለስዊዞች ከፍለን፣ ከመኪናዋ ጋር እኩያ በሆነው፣ በ1967 በተከፈተው የሳን በርናርዲኖ ዋሻ በኩል አለፍን።

አጎቴ ክርስትናው ላይ ጋቢ አሸርጠው ስለታዩ ለአገር ባህል ባላቸው ፍቅር በእጅጉ ተመሰገኑ። ምስጋናውን ዝም ብለው ተቀበሉ። ስለ ጉዞው ሲጠየቁ ግን «መኪናዋ ግሩም ናት፤ የወንበር ማሞቂያ ሠርተውላታል፣ ማጥፊያውን ነው የረሱት» ሲሉ ሰማኋቸው።