አብሯቸው የሚያድረው ማነው?

አዛውንት በድንገት ታመው ዋርድ ሲገቡ ነርስ የምትወስነው ሁሉ «እኚህ ሰው ባለፈው ሳምንት እንዴት ነበሩ?» በሚለው ጥያቄ ላይ ይቆማል። ጥያቄውን እጠይቅ ነበር፤ የምጠይቀው ሰው ግን መልሱን የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ስላልነበረ አንድ አባት 14 ሰዓት ያለ ሕክምና አደሩ። በደብረ ማርቆስም፣ በፍኖተ ሰላምም፣ በሞጣም፣ በቢቸናም ዱቲ ለሚገቡ ነርስ ልጆች ነው በዝርዝር የምጽፈው።

የተለመደውን በአጭሩ ልለፈው። አፍና ጉሮሮ ክፍት መሆኑን አያለሁ፣ ትንፋሽና ምት እቆጥራለሁ፣ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) አስገባለሁ፣ ስኳር በጣት እለካለሁ። የፈዘዘ ወይም የሚቀባዥር አዛውንት ስኳሩ ሳይለካ አይታለፍ። ከ70 በታች ሆኖ መዋጥ ካልቻሉ 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጣል፤ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሦስት አምፑል 24 ግራም ስኳር ነው። ካኑላው በትክክል ደም ሥር ውስጥ መሆኑን አረጋግጡና ቀስ አድርጋችሁ ስጡ፤ ወደ ሥጋ ከፈሰሰ ያቆስላል። በሁዳዴና በፍልሰታ ይህ ይበዛል፤ የስኳር ኪኒናቸውን ጠዋት ውጠው እህል የሚቀምሱት ከ9 ሰዓት በኋላ ስለሆነ ነው። ኪኒናው ግሊቤንክላሚድ ከሆነ ስኳሩ ከተስተካከለ በኋላም ተመልሶ ይወርዳል። ነቅተው ስለተቀመጡና ስላመሰገኑ ብቻ አትሸኟቸው፤ ቢያንስ 24 ሰዓት አቆዩና እየደጋገማችሁ ለኩ።

አሁን ወደ ተበላሸው እርምጃ ልምጣ።

ዕድሜያቸው 78 ገደማ የሆነ አባት ከጮቄ ተራራ ግርጌ ካለ ቀበሌ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ መጡ። ካርድ ያወጣውም፣ መድኃኒት የገዛውም፣ የፈረመውም ከተማ የሚኖረው ልጃቸው ነው። ቻርቱ ላይ የሰፈረው ትኩሳት በብብት 37.4፣ ምት 84፣ ግፊት 112 በ64፣ ትንፋሽ 20፣ ሳቹሬሽን (በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን በመቶ) 93 ነው፤ ከሥሩ «ረጋ ብለው ተኝተዋል» ይላል። ልጁን «አባትህ ሁልጊዜም እንዲህ ዝምተኛ ናቸው?» አልኩት። «አዎ፣ ድሮም ቁጥብ ነው፤ አሁን ደግሞ እርጅናው አለ» አለኝ። እኔም ተቀበልኩት።

የእንግሊዝ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ፊዚሽያንስ በ2017 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው ኒውስ 2 የተባለ፣ የታካሚን አደጋ በነጥብ የሚለካ ሰንጠረዥ ስደምረው ከሳቹሬሽኑ 2 ነጥብ ብቻ መጣ። ሁለት ነጥብ ማለት በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ መለካት ነው፤ ያንኑ አደረግሁ። ሌሊቱን ሙሉ «ተኝተዋል» እያልኩ ጻፍኩ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ምራታቸው ገባች። ከቤት ጀምሮ አብራቸው መጥታ ነበር። «ለአንድ ታካሚ አንድ አስታማሚ» በሚለው ደንብ ዘበኛው ከልክሏት፣ ጋቢ ተከናንባ ከግቢው በር ውጭ ነው ያደረችው። ገና አልጋው ሳትደርስ «አባባ ትናንት ወዲያ እኮ ከብት አስገብተው፣ ዳዊታቸውን ደግመው፣ ከጎረቤት ሲያወጉ ነው ያመሹት። ከትናንት ጠዋት ወዲህ ነው እኔን እንኳ የማያውቁኝ» አለች። በእጇ ከያዘችው ፌስታል ውስጥ የጤና ጣቢያው የክትትል ካርድና አንድ ፓኮ አቴኖሎል፣ የልብ ምትን የሚያዘገይ የግፊት ኪኒና፣ ወጣ። በካርዱ ላይ የመጨረሻው ግፊት 168 በ92 ነበር።

ያን ጊዜ እያንዳንዱ ቁጥር ትርጉሙ ተለወጠ። ግፊቱ ከወትሯቸው በ56 ወርዷል። በሰንጠረዡ 112 ዜሮ ነጥብ ነው፤ በ168 ለሚኖር ሰው ግን ኩላሊትና አንጎል የሚራብበት ግፊት ነው። ከወትሮው በ40 የወረደ የላይኛው ግፊት ከ90 በላይ ቢሆንም እንደ ድንገተኛ ይታይ። ምቱ 84 ላይ የቆየው አቴኖሎሉ ይዞት ነው፤ አቴኖሎል ወይም መሰሉን ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው ልቡ እንደሚገባው መሮጥ አይችልም። ትኩሳቱም ቢሆን፣ የአዛውንት ሰውነት ከወትሮው በ1.1 ዲግሪ ከጨመረ፣ ወይም በአፍ ሲለካ ደጋግሞ ከ37.2 ካለፈ ኢንፌክሽን መጠርጠር አለበት፤ በብብት ሲለካ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብሎ ነው የሚነበበው።

ትንፋሹ ከሁሉ ያንገበግበኛል። ደረታቸው ላይ እጄን አድርጌ አንድ ሙሉ ደቂቃ ስቆጥር 28 ሆነ። ማታ የተጻፈው 20 የማንም ቆጠራ አልነበረም። በየዋርዱ የሁሉም ታካሚ ትንፋሽ 20 ነው፤ ቻርት ገልብጣችሁ እዩ። ማንም ቀድሞ የጻፈው ይሁን፣ ሳልቆጥር ያጸደቅሁት እኔ ነኝ። በአዛውንት ላይ ትንፋሽ ከትኩሳትም ከሳልም ቀድሞ የሚናገር ምልክት ነው፤ 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሳል ባይኖርም ሳንባውን አስመርምሩ። አጠገባቸው ቆማችሁ 60 ሴኮንድ ቁጠሩ፤ በ15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት በአንድ ትንፋሽ ስትሳሳቱ 4 ያዛባል።

በትክክል ስደምረው ለትንፋሽ 3፣ ለሳቹሬሽን 2፣ አዲስ ለመጣው የአእምሮ መቃወስ 3፣ በድምሩ 8 መጣ። ከ7 ጀምሮ ሐኪም ወዲያው ካልጋው መድረስ አለበት። አንድም ሳል ያልነበራቸው እኚህ አባት የሳንባ ምች ነበረባቸው። ተርፈዋል። ነገር ግን ሊዘገይ የማይገባው መድኃኒት በ14 ሰዓት ዘገየ። በከዘራ ቤተ ክርስቲያን የሚደርሱት ሰው ወገባቸው ሥር የአልጋ ቁስል ይዘው፣ በሁለት ሰው ተደግፈው ነው የወጡት። ይህ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ሳቹሬሽኑን ማታ ላይ «ደጋ ስለሆነ ነው» ብሎ ማለፍም የተለመደ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የኢትዮጵያ ደገኞች አማካይ ሳቹሬሽን 95.3 ሆኖ ተገኝቷል። ደብረ ማርቆስ ከዚያ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ስለዚህ 88 ስታዩ ተራራውን ምክንያት አታድርጉ። መጀመሪያ ጣታቸውን አሙቁ፣ ሂና ወይም የጥፍር ቀለም ካለ ሌላ ጣት ወይም የጆሮ ጫፍ ላይ ለኩ፣ ቁጥሩ ካልተለወጠ እመኑት።

አሁን የማደርገውን ልናገር። ፈራሚውን ወይም ገንዘብ ከፋዩን አልጠይቅም። «አብሯቸው የሚያድረው ማነው?» እላለሁ። ብዙ ጊዜ ምራት ናት፣ ወይም የልጅ ልጅ፣ አንዳንዴ ውኃ የምትቀዳላቸው ጎረቤት። ያ ሰው በር ላይ ከሆነ ራሴ ወጥቼ አስገባለሁ። ከዘበኛ ጋር ቆሞ መከራከር ደስ አይልም፤ የሆስፒታል መመሪያ ነው የሚሉኝም አሉ። ለአዛውንት ግን ይህ መመሪያ ስህተት ነው፤ ሁለት አስታማሚ ቢበዛ እንኳ ቢያንስ ለመጀመሪያው 10 ደቂቃ ሁለቱም መግባት አለባቸው። ሰው ማስገባት ፈጽሞ ካልተቻለ ስልክ ደውሉ።

«ሁልጊዜም እንዲህ ናቸው?» ብላችሁም አትጠይቁ። የእኛ ሰው ባለሙያ ያለውን አክብሮ «አዎ» ይላል፤ ጥያቄው ራሱ መልሱን ያጎርሰዋል። «ባለፈው ቅዳሜ ምን ሲሠሩ ዋሉ?» በሉ። በእግራቸው ወጥተው ነበር? ራሳቸው ጎረሱ? የመጨረሻ ሽንታቸው መቼ ነው? ሰገራስ? ከዚያ መድኃኒቱ በፌስታል እንዳለ ይምጣ፤ ከገበያ የገዙት ማስታገሻም፣ ከጎረቤት የተዋሱት ኪኒናም አይቅር። ፀበል ሄደው እንደሆነ በአክብሮት ጠይቁ። ብዙዎች ፀበል ሲገቡ የግፊቱን ኪኒና ያቆማሉ፤ የተቆጣችው ነርስ ዘንድ ይህን የሚናገር የለም።

ዴሊሪየም የሚባለው ድንገተኛ የአእምሮ መቃወስ ሁለት ዋና መልክ አለው። የሚጮኹትን፣ ካኑላ የሚነቅሉትን ሁሉም ያያል። ፈዘው የሚተኙትን ግን ማንም አያይም፤ ዋርድ የማያስቸግሩ «ጥሩ ታካሚ» ይባላሉ። ለመለየት ፎር ኤ ቲ የሚባለውን አጭር ምርመራ እጠቀማለሁ፤ 4 ነጥብና ከዚያ በላይ ሲሆን ዴሊሪየም ይጠረጠራል። እንደወረደ ግን አይሠራልንም። ዕድሜና የልደት ቀን ይጠይቃል፤ ልደታቸው ያልተመዘገበ አባት «ሰባ ይሆነኛል» ቢሉ አልተቃወሱም። እኔ «ሚካኤል አልፏል ወይስ ይመጣል?» እላለሁ። 12ን፣ 21ን፣ 27ን የማያውቅ የጎጃም የክርስቲያን አዛውንት ብርቅ ነው፤ እሱ ከጠፋባቸው ነገር አለ። ለሙስሊም አባት ጁምዓ ስንት ቀን እንደቀረው ጠይቁ።

ትኩረትን ለመለካት ወራትን ከነሐሴ ወደ ኋላ አስቆጥራለሁ፤ ሰባትና ከዚያ በላይ በትክክል ከተናገሩ ጥሩ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። አባት ውዳሴ ማርያሙን ወይም ዳዊቱን አንድ ቃል ሳያዛንፉ በቃላቸው ሲያደርሱ ቤተሰቡ «አእምሯቸው ደህና ነው» ይላል፤ ነርሷም ታምናለች። ከልጅነት ጀምሮ 60 ዓመት የተደገመ ጸሎት አእምሮ ሲቃወስም አይጠፋም። ትኩረትን የሚፈትነው ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ዳዊት እየደገሙ ከነሐሴ ወደ ሐምሌ መሻገር ያቃታቸው እናትና አባት አሉ።

ለሐኪም ስደውል «ትንሽ ደከም ብለዋል» ማለት ትቻለሁ። ይህ አነጋገር ለጨዋነት ነው እንጂ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰን ሐኪም አያስነሳም። አሁን የምለው እንዲህ ነው፦ «ዶክተር፣ አልጋ 7 ያሉት አባት ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ቤተሰባቸውን አያውቁም፤ ከዚያ በፊት በከዘራ ይሄዱ ነበር። ትንፋሽ በሙሉ ደቂቃ 28። ግፊት 112፣ የወትሮው 168። አቴኖሎል ይወስዳሉ። ነጥባቸው 8 ነው። አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ።» ከዚያ የደወልኩበትን ሰዓትና የተመለሰልኝን ቃል ቻርቱ ላይ እጽፋለሁ። በ15 ደቂቃ ካልመጡ እንደገና፣ ከዚያም ለበላያቸው። ይህን በማድረጌ ቅር የተሰኙብኝ ባለሙያዎች አሉ፤ አልጸጸትም።

ፈሳሽ ሲታዘዝ በ250 ሚሊ ሊትር እየከፈልኩ እሰጣለሁ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ትንፋሽ ቆጥሬ የሳንባውን ሥር አዳምጣለሁ። ድርቀትን በእጅ ጀርባ ቆዳ አትፈልጉ፤ የአዛውንት ቆዳ ጤነኛም ሆኖ ተሸብሽቦ ይቀራል። ምላስንና ብብትን እዩ። ሽንት በሰዓት በኪሎ ግማሽ ሚሊ ሊትር መውረድ አለበት፤ ካልወረደ ከእምብርት በታች ዳብሱ፣ የታገተ ሽንት ብቻውን ሰውን ያስቀባዥራል።

ሌሊት ሲነሡ ዲያዜፓም የሚባለውን ማስተኛ አትስጡ፤ መቃወሱን ያራዝመዋል፣ ይጥላቸዋልም። እጃቸውን በጎዝ ማሰር ደግሞ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። የሚያውቁት ሰው ከራስጌ ይቀመጥ፣ መነጽራቸው ይሰጣቸው፣ የራሳቸው ጋቢ ይልበሱ። ለራሳቸው አደገኛ ሆነው ሐኪሙ ሃሎፔሪዶል የሚባለውን ማረጋጊያ 0.5 ሚሊ ግራም ካዘዘ አምፑሉ 5 ሚሊ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር ነውና የሚቀዳው 0.1 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ በ1 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ቅዱ። አጥሚት ለተኛ ሰው በማንኪያ ማጠጣትም ይቁም። ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ ከጠጡም በኋላ 30 ደቂቃ አይተኙ፤ አለዚያ አጥሚቱ ወደ ሳንባ ይገባና ሁለተኛ ምች ያመጣል። በየ2 ሰዓቱ አገላብጧቸው፤ ተረከዛቸውን አንሡና እዩ።

ሲወጡ የክትትል ካርዳቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ቀጣይዋ ነርስ በር ላይ ማንንም ሳትፈልግ እንድታገኘው፣ በጉልህ እንዲህ እጽፋለሁ፦ «የወትሮ ግፊት 160 እስከ 170። የወትሮ ሳቹሬሽን 95። በከዘራ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳሉ። ራሳቸው ይጎርሳሉ። የቤተሰቡን ስም ሁሉ ያውቃሉ። ወራትን ወደ ኋላ እስከ መስከረም ይቆጥራሉ። አብራቸው የምታድረው ምራታቸው ናት፤ እሷን አስገቧት።»