ጮቄ ላይ በረዶው የት ይቆያል?

ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጣ ብርዱ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጮቄ ጫፍ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ከተማ ውስጥ በሸሚዝ ቁርሱን የበላ ሰው ጫፉ ላይ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል። መጀመሪያ የጤፉ ማሳ ይጠፋል፤ ቀጥሎ ስንዴው ይሳሳል፤ ከዚያ ገብስ፣ ድንችና እንግዶ ብቻ ይቀራሉ። ከነሱም በላይ ጓሳ የሚባለው ሣር፣ አስታና ጅብራ ነው።

የሄድኩት በጥቅምት መጨረሻ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባልበት ወር። ክረምቱ ወጥቷል፣ ዝናቡ ግን ጨርሶ አልለቀቀም። ወደ ጫፉ ስንጠጋ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሰማዩ ድንገት ጠቆረና ሽንብራ የሚያክል በረዶ ይወርድብን ጀመር። መንገድ የሚያሳየኝ ወጣት እያሯሯጠ ዘመዶቹ ቤት አስገባኝ። የኩበት እሳት፣ ትኩስ ድንች በአዋዜ፣ ጠላ። ሲያባራ ብቅ ብዬ አየሁ። ተራራው ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ሆኗል። እዚያው አደርን።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስወጣ ግን ነጩ ተቆራርጧል። በጣም የገረመኝ ይህ ነው። አንድ ተራራ፣ አንድ ደመና፣ አንድ በረዶ፤ ግን እያንዳንዱ ቦታ የራሱን ያህል ብቻ አስቀርቷል። ጀርባው ላይ ነፋሱ ጠርጎት ድንጋዩ ፈጦ ይታያል። በጓሳው እግር መሀል፣ ነፋስ በማይደርስበት፣ በረዶው ተከማችቷል። ፀሐይ የወጣችበት የምሥራቁ ጎን እየረጠበ ነው። የምዕራቡ ጎን ገና እንዳለ ነጭ ነው። ጎድጓዳው ሜዳ ደግሞ በበረዶው ላይ አመዳይ ደርቦበታል።

ያሳደሩኝን ሽማግሌ «አባቴ፣ ይሄ ጎድጓዳ ለምን ሳይታረስ ቀረ?» አልኳቸው።

«ድንች ዘርተንበት ውርጭ ፈጀው። ከፍ ያለው ማሳ ደህና ነው። ማታ ማታ ብርዱ ወርዶ እዚያ ነው የሚተኛ፣ ልጄ» አሉኝ።

የአየር ንብረት ባለሙያም ከዚህ የተለየ አይነግረንም። ሰማዩ በጠራ ሌሊት መሬት ሙቀቷን ወደ ላይ ትለቃለች። የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ ቁልቁል ይፈስና ጎድጓዳ ውስጥ ይጠራቀማል። በዚህ ምክንያት ጉብታው ተርፎ ከሥሩ ያለው ሜዳ በውርጭ ይመታል።

የፀሐዩ ነገር ደግሞ ከፈረንጅ አገር ተራሮች ይለያል። አልፕስ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ቀትር ላይ በደቡብ በኩል ናት። ስለዚህ በረዶው በሰሜኑ ጎን ከደቡቡ ይልቅ ለሳምንታት ይቆያል። ጮቄ ግን ከምድር ወገብ ብዙም አይርቅም። በጥቅምት የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ ደግሞ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ጥላ የሚወድቅበት ጎን እንደ ወሩ ይቀያየራል ማለት ነው። በዚያ ላይ እንደዚያ ቀን ሲሆን ጠዋቱ ብራ፣ ከሰዓቱ ደመና ነው። የምሥራቁ ጎን የጠዋቷን ፀሐይ ይጠግባል፤ የምዕራቡ ተራ ሲደርስ ደመናው ቀድሞ ሸፍኖታል።

የጮቄ በረዶ ግን አይከርምም። በኛ አካባቢ በቀንና በሌሊት መሀል ያለው የሙቀት ልዩነት በወራት መሀል ካለው ይበልጣል። ሌሊት የረጋው ረፋድ ላይ ይቀልጣል። ከጮቄ የሚበልጠው ራስ ዳሽን እንኳ ሲነጣ ለአጭር ጊዜ ነው። ዓመቱን ሙሉ በረዶ ለማየት 5,895 ሜትር ወደሚደርሰው ኪሊማንጃሮ ወይም ወደሌሎቹ የምሥራቅ አፍሪካ ትልልቅ ተራሮች መሄድ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው ሐሳብ የገባኝ። በሂማሊያና በአልፕስ የበረዶው ክምር የውኃ ጎተራ ነው። በክረምታቸው ይከማቻል፣ ሲሞቅ እየቀለጠ ወንዞችን ይመግባል። ከጮቄ ጨሞጋ፣ ጀደብ፣ ሙጋና ሱሃ ይነሳሉ፤ ሁሉም ወደ ዓባይ ናቸው። ጮቄ ግን የሚያከማቸው በረዶ የለውም። የክረምቱን ዝናብ ይዞ ለበጋ የሚያቆየው ጓሳው፣ ረግረጉና ጥቁሩ አፈር ነው።

ያንኑ ጠዋት ልዩነቱን በእግሬ ረግጬ አየሁት። የታረሰው መሬት ላይ አፈሩ ከሥሩ ቀጫጭን የበረዶ መርፌ አብቅሎ ሽቅብ ተነስቷል። ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። ፀሐይ ሲነካው መርፌው ይቀልጥና አፈሩ ላላ ብሎ ይቀራል፤ ቀጣዩ ዝናብ ጠርጎ ይወስደዋል። ሁለት እርምጃ አልፎ ጓሳው ሥር ግን መሬቱ አልረጋም። እጄን ሰድጄ ስዳስሰው እርጥብና ለስላሳ ነው። ሣሩ ሌሊቱን ሙሉ አልብሶት አድሯል። ጓሳው በገብስና በድንች በተተካ ቁጥር የምናጣው ይህንን ልብስ ነው፤ ይህም በጣም ያሳስበኛል።

ሽማግሌውን ላይኛውን ማሳ ለጓሳ ይመልሱት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ድሮ ከብት ብቻ ነበር የምናሰማራበት። ልጆች በዙ፣ መሬቱ አልበዛ። ምን ላብላቸው?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ጓሳውን ጠልተው አላረሱትም። ታች ያሉ ከተሞች ውኃውን የሚያገኙት ከነዚህ ሰዎች ማሳ ነውና፣ ወጪውን እነሱ ብቻ ይቻሉት ማለት ለእኔ ፍትሕ አይደለም።

መሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ ላይ ማደር አለባችሁ። ወፍራም ልብስና ውኃ የማያስገባ ጫማ ያዙ። ጎህ ሲቀድ ውጡና በመጀመሪያ ጎድጓዳውን፣ ቀጥሎ የምዕራቡን ጎን እዩ። ምሥራቁ አይጠብቃችሁም፤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ውኃ ሆኖ ይወርዳል።