እመት ጦጢት በሁለት እሸት መካከል፦ ለልጆች በጻፍኩት ተረት ውስጥ ምፀትን እንዴት እንዳኖርኩ

ደሴ ውስጥ ለሰፈራችን ልጆች ለማንበብ የጻፍኩት ተረት ባለታሪክ፣ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው መንገድ ዳር የተቀመጠች ጦጣ ናት። ከበላይዋ በደጋው የባቄላ እሸት ደርሷል፤ ከበታችዋ ሞቅ ባለው ሜዳ ማሽላው እሸት ይዟል። የቱን እንደምትበላ ስታመነታ ሁለቱም ታጭደው ያመልጧታል። ጦጣን የመረጥኩት በተረቶቻችን ለሌላው ብልሃት የምታፈልቀው እሷ ስለሆነች ነው፤ ሞኝ እንስሳ ቢያመነታ ማንንም አይደንቅም።

ከሁሉ በላይ የደከምኩት ሁለቱን ምኞቶች እኩል በማድረግ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ባቄላው ቅርብ ቢሆንም ብርድ አለበት፤ ማሽላው ቢያጠግብም መመለሻው ዳገት ነው። አንደኛው በግልጽ ቢበልጥ ኖሮ ጦጣዋ ተላላ ብቻ ትሆን ነበር። ምፀቱ፣ ማለትም ነገሩ ከታሰበው ተቃራኒ ሆኖ መገኘቱ፣ የሚወለደው እያንዳንዱ ሐሳቧ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ምንም እንዳይቀርባት ማሰቧ ራሱ ሁለቱንም ሲያሳጣት ነው።

ተራኪው በአሽሙር እንዲናገር አላደረግኩም። ልጆች የተነገረው ቃል ከታሰበው ተቃራኒ መሆኑን መረዳት የሚጀምሩት በአብዛኛው 6 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ስለሆነ፣ «እንዴት ያለች ብልህ!» ቢባል ትንንሾቹ እውነት መስሏቸው ያልፋሉ። ስለዚህ ምፀቱን በሁኔታው ውስጥ አኖርኩት፤ እሷ ስታሰላስል ገበሬዎቹ ማጭዳቸውን ስለው ሲወጡ ልጆቹ ያያሉ፣ እሷ ግን አታይም።

በመካከሉ አንዲት ግልገል መጥታ፣ «እመት ጦጢት፣ ከእነዚህ ሁለት ቁጥቋጦዎች የቱን ልብላ?» ትላታለች። ጦጣዋም፣ «ልጄ፣ የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ!» ብላ ትመክራታለች። ሳነብላቸው ልጆቹ «አንቺስ?» ብለው የጮኹት እዚህ ላይ ነው። ከዚህ የተማርኩት፣ ልጁ ከባለታሪኳ ቀድሞ የሚያውቀው ነገር ካለ ተራኪው ዝም ማለት እንዳለበት ነው፤ አብራርቶ የሚነግር ተራኪ የልጁን ድርሻ ይነጥቃል።

መጨረሻውን «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» በሚለው ልማድ ብቻ ዘጋሁት። አንዲት እናት ምክሩ የት እንዳለ ሲጠይቁኝ፣ ጦጣዋ ራሷ ለግልገሏ እንደተናገረችው አስታወስኳቸው። ያንን ንግግር ከአጨዳው በፊት ያስቀመጥኩት፣ ልጆቹ ጦጣዋ የገዛ ምክሯን ሰምታ ትነሳ ይሆናል ብለው ተስፋ የሚያደርጉበት ጊዜ እንዲያገኙ ነው።