«እንቅልፍማ ናፍቆኛል»

ፋርማሲ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። አንድ ጠዋት ጋቢ የለበሱ አባት የሐኪም ወረቀት ይዘው መጡ። ክንዳቸው በማከክ ብዛት ተላልጧል። የታዘዘላቸው ክሎርፌኒራሚን የሚባለው የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ ባለ 4 ሚሊግራም፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለ10 ቀን። 30 ፍሬ ቆጥሬ ላስቲኳ ላይ «1 × 3» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ለሁሉም የምለውን አልኳቸው።

«አባባ፣ መኪና ይነዳሉ?»

«ልጄ፣ እኔ የነዳሁት በሬ ብቻ ነው።»

ሳቅን። «እንቅልፍ እንቅልፍ ይልዎታል። መጠጥም እንዳይቀምሱበት፣ ጠላም ቢሆን።»

«እንቅልፍማ ናፍቆኛል። ሌሊት አራት አምስቴ ነው የምነሳው።»

የሚያስነሳቸው ማሳከኩ መሰለኝ። እግዜር ይማርዎት ብዬ ሸኘኋቸው።

በአምስተኛው ቀን ሴት ልጃቸው መጣች። ላስቲኳን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና «ይሄን ይቀጥል ወይስ ይተው?» አለችኝ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሽንት እምቢ ብሏቸው፣ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ እየጮኹ ሆስፒታል ወስደዋቸዋል። ፊኛ ድረስ በሚገባ ቀጭን ቱቦ (ካቴተር) ሲወጣላቸው ከአንድ ሊትር በላይ ነበር። ለካ ፕሮስቴት የሚባለው እጢያቸው አብጦ የሽንት መውጫውን አጥብቦታል። ሌሊት የሚያስነሳቸውም እሱ ነው።

«ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» አልኳት። ቦርሳዋን ጎርጉራ የጉንፋን ክኒን አወጣች። ከሁለት ቀን በፊት ጉንፋን ይዟቸው ወንድሟ ከሰፈር ገዝቶላቸዋል፤ እሱንም በቀን ሦስቴ ነው የወሰዱት። ጀርባውን ገልብጬ ደቃቁን ጽሑፍ አነበብኩ። ፓራሲታሞል፣ አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት፣ ከዚያ ደግሞ ክሎርፌኒራሚን 4 ሚሊግራም። ያው የኔው።

በልቤ ደመርኩት። 12 ከኔ፣ 12 ከጉንፋኑ፤ በቀን 24 ሚሊግራም። ይሄ ለጎልማሳ እንኳ ጣሪያው ነው። ለአረጋውያን ከ12 ማለፍ የለበትም።

አሠራሩን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም አልፌበታለሁ። የድሮዎቹ የአለርጂ መድኃኒቶች ሂስታሚንን፣ ማለትም ማሳከክ የሚያመጣውን የሰውነት ኬሚካል፣ ብቻ አይደለም የሚያግዱት። አፍ ያደርቃሉ፣ ሆድ ያስራሉ፣ የሽንት ፊኛን ጡንቻ ያላላሉ። ፕሮስቴቱ ያበጠ ሰው ድሮም በጠባብ መውጫ ነው የሚታገለው፤ ፊኛው መግፋት ሲያቅተው በቃ ይዘጋል። የጉንፋኑ ክኒን ውስጥ ያለው አፍንጫ ከፋች ደግሞ የፊኛውን አንገት ያጠብቃል። አንዱ ግፊቱን ቀንሶ፣ ሌላው በሩን ቆለፈ።

ይሄን ሁሉ እያወቅኩ ለምን አልጠየቅኩም? እውነቱን ልናገር፣ አፈርኩ። የአያቴ እኩያ የሆኑ ሰው ፊት ቆሜ፣ ከኋላቸው ሰው ተሰልፎ፣ ስለ ሽንት? መኪና ይነዳሉ ማለት ቀላል ነው። ያዘዘው ሐኪምም የጠየቃቸው አይመስለኝም፤ ግን መጨረሻ ላይ መድኃኒቱን ያስጨበጥኳቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ደግሞ ሳልጠይቃቸው ነግረውኝ ነበር እኮ። አራት አምስቴ እነሳለሁ ብለዋል። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ልጅቷን ሁለቱንም ያቁሙ አልኳትና እዚያው እያለች ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። ወደ ሎራታዲን ቀየረላቸው፤ 10 ሚሊግራም፣ በቀን አንዴ። እሱ እንዲህ ያለው ጣጣ ብዙም የለበትም። የጉንፋን ክኒን ከየትም ብትገዙ አስቀድማችሁ አሳዩኝ ብዬ ስልኬን ሰጠኋት።

አሁን ዕድሜያቸው ገፋ ያለ አባት ሲመጡ ከባንኮኒው ወጥቼ ወደ ጥግ እወስዳቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱን ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አባባ፣ ውሃ ሽንት ሲወጡ ያስቸግርዎታል? ሌሊትስ ስንቴ ይነሳሉ?» አልኳቸው። ግራ ቀኝ አዩ። ጠጋ አሉና በሹክሹክታ፦

«ማን ነገረሽ?»